የልጃችሁ ሲኒየር ፒክቸር ደረሰ? እንግዲያው እንዲህ ተዘጋጁ

ኦገስት በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ልጄ 12ኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ሲኒየር ፒክቸር አሉኝ፣ ምን ላልብሳት? የትምህርት ቤቱ አይበቃም እንዴ?» የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜና እሁድ ፎቶ አነሳለሁ። ያንኑ መልስ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ልጆቹ ይህን ሁሉ አማርኛ አንብበው ስለማይጨርሱት የምጽፈው ለእናንተ ለወላጆች ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። እዚህ የምጠራው ሰዓት በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት በስልክ «በ6 ሰዓት እንገናኝ» አልኳት። እኔ ማታ ላይ ማለቴ ነው፣ እሷ በእኛ አቆጣጠር ሰምታው ልጅቷን አስውባ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት መናፈሻው በር ላይ ቆማ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ በጽሑፍ ብቻ ነው የምይዘው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

1. መጀመሪያ ሁለቱን ፎቶዎች ለዩ

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሲኒየር ፒክቸር የሚባለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው ይርቡክ በሚሉት የትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ላይ የሚወጣው ነው። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውል የገባበት የፎቶ ድርጅት ነው የሚያነሳው። ከደረት በላይ ነው፣ ጀርባው ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ነው፣ ቀነ ገደብ አለው። ሁለተኛው እናንተ ራሳችሁ ፎቶ አንሺ ይዛችሁ፣ ቦታና ልብስ መርጣችሁ የምታስነሱት ነው። ይኼኛው ግዴታ አይደለም። ለግብዣ ካርድ፣ ለምርቃት ድግስ፣ ለግድግዳና አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጁን የትምህርት ቤቱን ኢሜይል አስከፍቱትና ሦስት ነገር እዩ። የይርቡኩ ፎቶ መቼ ነው የሚነሳው? ከውጭ የተነሳ ፎቶ ይቀበላሉ ወይስ የራሳቸውን ብቻ? የሚቀበሉ ከሆነ መጠኑና ቀነ ገደቡ ምንድን ነው? ይህን ሳታዩ ለውጭ ፎቶ አንሺ ብትከፍሉ ቆንጆው ፎቶ ቤት ይቀራል፣ መጽሐፉ ላይ የልጃችሁ ቦታ ባዶ ይሆናል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ፎቶ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ፓኬጅ ምረጡ የሚል ወረቀት ይመጣል። አትደንግጡ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ለይርቡክ ብቻ መነሳት ይቻላል፣ ፓኬጅ መግዛት የፈቃድ ነው። ዋጋው ብዙ ከሆነባችሁ ልጁን ከማስቀረታችሁ በፊት ይህን በግልጽ ጠይቁ።

ልብሱን በተመለከተ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሴቶቹን ድሬፕ የሚሉትን ጥቁር ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ያለብሷቸዋል፣ ወንዶቹን ደግሞ ኮትና ቢራቢሮ ከረባት። ድሬፑ አንገትና ትከሻን ገለጥ ያደርጋል። «ልጄን ምን አልብሰው ነው ያነሱብኝ!» ብላ የደወለችልኝ እናት አንድ ሁለት አይደለችም። ለልጅቷ አስቀድማችሁ ንገሯት። ማንገቻው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ወይም ማንገቻ የሌለው የውስጥ ልብስ ትልበስ። ሂጃብ የምትለብስ ወይም ትከሻዋን መግለጥ የማትፈልግ ልጅ ከሥር አንገቱ የተዘጋ፣ እጀ ረጅም ጥቁር ልብስ ለብሳ መሄድ ትችላለች። ግን ከቀኑ በፊት ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል አሳውቁ፣ ምክንያቱም እዚያ ወረፋው ላይ ለክርክር ጊዜ የለም፣ አንድ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ነው የሚያልፈው።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ራሳችሁ ቀጠሮ ነው።

2. ቀኑንና ሰዓቱን በብርሃኑ ምረጡ

የውጭ ፎቶ የሚያምረው ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀራት ነው። ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለሰልሳል። እኩለ ቀን ላይ ግን ከአናት ስለሚመታ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ልጁም ዓይኑን ያጨፍናል። የትኛውም ካሜራ ይህን አያድነውም።

በዋሽንግተን አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ኦገስት አጋማሽ ላይ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ 7 ሰዓት ገደማ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ድንገት 5 ሰዓት ይሆናል። ያኔ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ይመሻል፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይቀራችኋል።

የኔ ምርጫ ሴፕቴምበር ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ላብ የለም። እንቁጣጣሽና መስቀልም ስለሚውሉ የሀበሻ ልብሱ ያኔ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይገኛል፣ ሁለት ጊዜ አትደክሙም። የቅጠሉን ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ኦክቶበር መጨረሻና ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። የቼሪ አበባው አብዛኛውን ጊዜ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ስለሚፈነዳ ለይርቡክ አይደርስም። ለምርቃት ጋውንና ቆብ ፎቶ ይሆናል፣ የሰዉን ግፊያና የመኪና ማቆሚያውን ጣጣ ከቻላችሁት።

ደመና ስለሆነ ብቻ ቀጠሮ አትሰርዙ። ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ለፊት ጥሩ ነው። የሚያሰርዘው ዝናብ ነው።

3. ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ አንሺውን ጠይቁ

የምታውቁትም ሰው ቢሆን ጠይቁ። ይሉኝታ እዚህ ላይ ያስከፍላል።

- ስንት ልብስ መቀየር ይቻላል? ስንት ደቂቃ ነው?
- ተስተካክሎ የሚሰጠን ስንት ፎቶ ነው? ከስንት ቀን በኋላ?
- ፋይሉን የትም ወስደን የማሳተም ፈቃድ አብሮ አለ? በአሜሪካ ሕግ ሌላ ውል ከሌለ የፎቶው መብት የአንሺው ነው። ለናሙና የላከውን ስካን አድርጎ ማባዛት አይፈቀድም።
- ዝናብ ቢመጣ ቀኑ ያለ ክፍያ ይቀየራል?
- የጠቆረ ቆዳ ያለው ሰው ከቤት ውጭ ያነሳኸውን ታሳየኛለህ?

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ማንሳት ልምድ ይጠይቃል። ያልለመደ ሰው ወይ ቀሚሱን ከመጠን በላይ ያበራዋል፣ ጥለቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ወይ ፊቱን ያጨልመዋል። እንዲሁም «ብጉር ብታጠፋ ግድ የለኝም፣ ቆዳዋን ግን እንዳታነጣው» ብላችሁ በጽሑፍ ንገሩት። ሳይጠየቅ የሚያነጣ አለ።

4. ቦታ

ከሁለት ቦታ በላይ አትምረጡ። መኪና ውስጥ ያለቀ ብርሃን አይመለስም።

ብዙ የዕፅዋት መናፈሻዎች ለፎቶ ሥራ ፈቃድና ክፍያ አላቸው። ናሽናል ሞል በሚሉት የመሃል ዋሽንግተን ሰፊ መናፈሻ ላይ ያሉት መታሰቢያዎች በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ (የመንግሥት ፓርኮችን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ሥር ስለሆኑ እንደ ሰዉ ብዛትና እንደ ዕቃው ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ይህን ማጣራት የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፣ እናንተ ግን «አጣራህ?» በሉት። ሊንከን መታሰቢያ ላይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ማልዳችሁ ሂዱ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ብርሃን የሚያገኘው ጠዋት ነው፣ ሰዉም ገና አልመጣም።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጆቹ የባቡር ሐዲድ ላይ መነሳት ይወዳሉ። አትፍቀዱ። ሐዲዱ የባቡር ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ገብቶ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል። ባቡር ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚደርሰው።

5. ልብስ

ሦስት ይበቃል፦ አንድ የዘወትር ልብስ፣ አንድ ደህና ልብስ፣ አንድ የሀበሻ ልብስ። የዘወትሩን ልጁ ራሱ ይምረጥ። እናንተ የመረጣችሁለትን ለብሶ ሲቆም ፊቱ ላይ ይታወቃል።

ለሁለቱ ልብሶች ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ወጥ ቀለም ይሻላል። ቀጫጭን መስመርና ጥቃቅን ካሬ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደረት ላይ ትልቅ ጽሑፍ ካለ ዓይን ከፊት ቀድሞ እሱን ያነባል። የሚያበራ አረንጓዴ ወይም ብርቱካን ቲሸርት ቀለሙን አገጭ ሥር ይረጨዋል፣ ፊቱ የታመመ ይመስላል። ባለፈው ዓመት የተገዛ ሸሚዝ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አልብሳችሁ እዩት። በዚህ ዕድሜ ትከሻ በአንድ ክረምት ይሰፋል።

አሁን ወደ ሀበሻ ቀሚሱ።

ከአገር ቤት የምታስመጡ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሙ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሚያሠራላችሁ ዘመድ፣ ከዚያ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያለው መንገደኛ እስኪገኝ ጊዜ ይበላል። ልኩን አዲስ ላኩ፣ የአምናውን አትላኩ። ሲደርስ ወዲያው ይለበስ፣ ወገቡ ወይ ርዝመቱ አልሆን ካለ እዚህ የሚያጠብ ሰው ፈልጉ። ርዝመቱ የሚለካው በዕለቱ በምታደርገው ጫማ ነው። በባዶ እግር ለክታችሁ ተረከዝ ብታደርግ ታችኛው ጥለት ቁርጭምጭሚት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከሥር የሚለበሰው ነጭ አይሁን። ሳሳ ባለ ነጭ ጨርቅ ሥር ነጭ ጡት መያዣ ጎልቶ ይታያል፣ ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ግን አይታይም። የውስጥ ቀሚስም አትርሱ። ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን እግር በቀሚሱ ውስጥ እንደ ጥላ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ስታዩት ምንም አይታይም ነበር።

አተኳኮስ፦ ሸማውን ረጠብ አድርጋችሁ በግልባጩ ተኩሱ። ጥለቱ የሚያብለጨልጭ ክር ካለው ካውያውን አቀዝቅዙና በላዩ ስስ ጨርቅ አድርጉ። ያ ክር በጋለ ካውያ ይቀልጣል ወይ ይጨማተራል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከተተኮሰ በኋላ አይታጠፍ፣ በመስቀያ ይሰቀል። ነጠላውም እንዲሁ።

ቀሚሱን ለብሳ መኪና ውስጥ አትግባ። ቀበቶው ደረቱ ላይ የሚያወጣው መስመር በፎቶ ላይ እንደ ጠባሳ ነው። እዚያው ደርሳ ትቀይር። የምትሄድበት ልብስ ደግሞ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይሁን። በአንገት የሚወልቅ ከሆነ ፀጉሩንም ሜካፑንም ይዞት ይወጣል።

ለወንዶቹ ጣጣው ያነሰ ነው። ጥለት ያለው ሸሚዝ ከጥቁር ወይ ከነጭ ሱሪ ጋር በቂ ነው። ግን ካልሲ እዩ! ሲቀመጥ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰብና ነጩ የስፖርት ካልሲ ብቅ ይላል።

6. ፀጉር፣ ፊት፣ መነጽር

- *ሹሩባ*፦ ከ2 እስከ 4 ቀን ቀደም ብላ ትሠራ። ትኩስ ሹሩባ ግንባርን ይወጥራል፣ ሥሩም ያብጣል። ከሳምንት በላይ ካለፈ ደግሞ ይበታተናል።
- *የወንድ ፀጉር*፦ አንድ ወይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በለመደው ፀጉር ቆራጭ። አዲስ ስታይል የሚሞከርበት ሳምንት አይደለም፣ የተሳሳተ መስመር በሁለት ቀን አይበቅልም።
- *ፊት*፦ አዲስ ክሬም፣ አዲስ ሳሙና፣ ፌሻል፣ ቅንድብ መነቀል ሁሉ ከሳምንት በፊት ይለቅ። ቆዳ ከተቆጣ ለመረጋጋት ቀናት ይፈልጋል። ብጉርን አታስፈርጡ፣ ብጉር በኮምፒውተር በቀላሉ ይጠፋል፣ የተፈረጠው ግን ቁስል ሆኖ ያስቸግራል።
- *ቅባት*፦ እጅ፣ ክርን፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይቀቡ። ደረቅ ቆዳ ካሜራ ላይ አመድ የነካው ይመስላል። ፊት ላይ ግን ቀለል ይበል፣ ግንባር ላይ የበዛ ቫዝሊን እንደ መስተዋት ያበራል።
- *ሜካፕ*፦ ፋውንዴሽኑ ከአንገቷ ጋር ይግጠም። ነጭ ፓውደርና አንዳንድ ሰንስክሪን ፍላሽ ሲመታቸው ፊቱን ያነጡታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሷት፣ ጉዱ ወዲያው ይታያል።
- *መነጽር*፦ በየቀኑ የሚያደርግ ልጅ ያድርገው፣ ያለሱ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ፀሐይ ላይ የሚጠቁር ዓይነት ከሆነ ግን ውጭ ሲወጣ ዓይኑ አይታይም። አሮጌ መነጽር ካለው እሱን ያምጣ፣ ወይም መነጽር ቤት ሌንሱን ለጊዜው እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።
- *ጥፍር*፦ እጅ ፊት አጠገብ ስለሚመጣ ግማሹ የተላጠ ቀለም ይታያል። ወይ ሙሉ ይቀባ ወይ ይጥፋ።

7. ማታውኑ የሚዘጋጅ ቦርሳ

ጠዋት ለማዘጋጀት አትሞክሩ፣ ሁሌም አንድ ነገር ይቀራል።

- ልብሶቹ በመስቀያ፣ ከየጫማቸውና ከየጌጣቸው ጋር አንድ ላይ ታስረው
- መርፌ ቁልፍ፣ ብዙ (ሰፊ ሸሚዝ ከጀርባ ይያዝበታል፣ ነጠላም አይንሸራተትም)
- ብናኝ የሚያነሳ ተለጣፊ ሮለር፣ በተለይ ለጥቁር ልብስ
- ማበጠሪያ፣ የፀጉር መያዣ፣ ትንሽ መስተዋት
- ሎሽን፣ የከንፈር ቅባት፣ ላብ የሚጠረግበት ሶፍት
- የሚቀመጡበት አሮጌ አንሶላ (ነጭ ቀሚስ ሣር ላይ ከተቀመጠ አረንጓዴው አይለቅም)
- በጋ ከሆነ የትንኝ መከላከያ፣ ቤት ተነፍቶ የሚወጣ እንጂ ነጩ ቀሚስ ላይ የሚነፋ አይደለም
- ነጠላ ጫማ፣ ከቦታ ቦታ ለመሄጃ
- ውኃና ቀላል ምግብ። ጾም ከሆነ ሙዝ ያዙ። ቆሎ አይሁን፣ ጥርስ መሃል ይቀራል። ሰማያዊ ወይ ቀይ መጠጥም ምላስ ይቀባል።
- የልጁ ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ፦ ኳሱ፣ ክራሩ፣ የቡድኑ ጃኬት፣ የፈለገው

8. በዕለቱ

15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በሀበሻ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መምጣት ያው የለመድነው ነው፣ ፀሐይ ግን አትጠብቅም። ግማሽ ሰዓት ከዘገያችሁ ያጣችሁት የመጨረሻውን ልብስ ነው።

በዘወትሩ ልብስ ጀምሩ። ማንም ልጅ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ድርቅ ይላል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ያ ድርቀት በዘወትር ልብስ ይውጣለት። የሀበሻው ልብስ ብርሃኑ ሲለሰልስ ይምጣ፣ ነጭ ጨርቅ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ዝርዝሩን ያጣል።

ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት ኪሱን አስፈትሹት። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ኤርፖድ ሁሉ ይውጣ። የእጅ አንጓ ላይ ያለ የፀጉር ላስቲክና ስማርት ሰዓትም ይውለቅ። የአንገት ማተብ ወይ መስቀል ካለ መሃል ላይ መሆኑን እዩ፣ ዞሮ ትከሻ ላይ ይገኛል።

ከልጁ ጋር አንድ ሰው ብቻ ይምጣ። ይህን የምለው በልምድ ነው። እናት፣ አክስትና ሁለት ታናናሾች ከጀርባዬ ቆመው «ፈገግ በይ እንጂ! ቀና በይ!» ሲሉ ልጅቷ ዓይኗ አራት ቦታ ይሄዳል። በስልክ ከኔ ጎን ማንሳትም እንደዚያው ነው፣ ግማሹ ፎቶ ላይ ልጁ የሚያየው ስልኩን ነው። የቤተሰብ ፎቶ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩና መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ያዙ። ያኔ ሁሉም ይምጣ፣ እናንተም ለብሳችሁ።

ለልጁ ልትነግሩት የምትችሉት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ክብደትህን አንድ እግር ላይ ጣል። አገጭህን ትንሽ ወደ ፊት፣ ከዚያ ዝቅ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ተንፍስ። የቀረውን ለአንሺው ተዉለት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ይርቡክ የሚቀበለው መጠን ሳይታይ ሙሉ ቁመት ያለው ፎቶ መላክ። ፎቶ አንሺውን ከመጀመሪያው «ከደረት በላይ፣ በቁመት፣ ጀርባው ያልተዝረከረከ አንድ ሁለት አንሳልኝ» በሉት።
- የትምህርት ቤቱ ቀን ሲያልፍ ዝም ማለት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለቀሩት ሁለተኛ ቀን ይይዛሉ። ጠይቁ።
- ከዕለቱ በፊት ያልተደረገ አዲስ ጫማ። እግሩን ሲያመው ፊቱ ይናገራል።
- ፎቶውን በቴሌግራም ወይ በዋትሳፕ ተቀብሎ ያንኑ ማሳተም። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ሲታተም ይደበዝዛል። ዋናውን ፋይል ከሊንኩ አውርዱ፣ ወይም እንደ ፋይል ይላክላችሁ።

9. ፎቶው ከመጣ በኋላ

መጀመሪያ የይርቡኩን ምረጡና በዚያው ቀን ላኩ። እዚህ ላይ ምርጫው የልጁ ነው፣ መጽሐፉን የሚያዩት ጓደኞቹ ናቸው። ከላካችሁ በኋላ ስርዓቱ መቀበሉን የሚያሳየውን መልእክት በስልክ አንስታችሁ አስቀምጡ። «አልደረሰንም» ሲባል ያየሁት ብዙ ነው።

ቀጥሎ ዋናዎቹን ፋይሎች ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የፎቶ አንሺው ሊንክ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይዘጋል።

ስታሳትሙ ደግሞ፣ 8 በ10 የሚባለው መጠን ፎቶው ከካሜራ ከሚወጣበት ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም ከጫፍ ይቆርጣል። የቀሚሱ ጥለት ወይ እግር ተቆርጦ እንዳይመጣ ከማዘዛችሁ በፊት ቅድመ ዕይታውን ተመልከቱ። ሙሉው ቀሚስ እንዲታይ የምትፈልጉትን በ4 በ6 ወይ በ8 በ12 አሳትሙት። አገር ቤት ለአያት የሚላከውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋችሁ ጠፍጣፋውን ሻንጣው ሥር አስቀምጡ። ፍሬሙን እዚያው ይግዙ፣ መስታወቱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ፎቶውን ይቧጥጠዋል።